ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የ«ካናዳ ፕሮሰስ» ቢሮ፦ ዶክመንቱን ስጧቸው፣ ነጥቡን ራሳችሁ ቁጠሩ

እህቴ ነርስ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ነው የምትሠራው። 34 ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ በነርሲንግ ዲግሪ አላት። እኔ ደብረ ብርሃን ሒሳብ አስተምራለሁ። ካናዳ በነጥብ ስለሚወስዳቸው ባለሙያዎች ሰምታ «አንተ ቁጥር ታውቃለህ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ከቆላው ተነስታ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፋ፣ በስስ ሹራብ መጣች። ብርዱን ረስታዋለች መሰለኝ። የቢሮውን ስም አልጠራም። የማወራው ስለ አገልግሎቱ ነው።

መጀመሪያ መልካሙን ልናገር። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሂተር አለው። በር ላይ ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብላ ሻይ ታቀርባለች። ዶክመንት የምታየው ሌላዋ ልጅ ደግሞ ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች። የእህቴን የሥራ ልምድ ማስረጃ ገና እንዳየችው «ይሄ አይሠራም» አለች።

ወረቀቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም። «ከመስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም ጀምሮ በነርስነት በማገልገል ላይ ይገኛሉ»፣ ከሥሩ «ይህ ማስረጃ በጠየቁት መሠረት ተሰጣቸው»። በቃ። የካናዳ ኢሚግሬሽን የሚፈልገው ግን የሥራ መደቡን፣ የምትሠራውን ሥራ ዝርዝር፣ በሳምንት የምትሠራበትን ሰዓት፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅሙን ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። 2009 እንዳለ ቢተረጎም ሰባት ዓመት ያልሠራችውን ልምድ ይጨምርላታል፣ ፋይሉም የውሸት ይመስላል። ልጅቷ 2009ን በቀይ እስክሪብቶ ከበበችና አጠገቡ 2016 ብላ ጻፈች። ከዚያ የሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል አይቶ እንዲፈርምበት ረቂቅ ደብዳቤ አዘጋጀችልን። ኮስት ሼሪንጓን ከፍላ ኦርጅናል ዲግሪዋን ማውጣቷንም ጠየቀቻት። ለትርጉምና ለዶክመንት ማደራጀት 6 ሺህ ብር አስከፈሉን። አልቆጨኝም።

ነገሩ የሚበላሸው የባለቤቱ ክፍል ሲገባ ነው።

ግድግዳው ላይ በላስቲክ የታሸገ የነጥብ ሠንጠረዥ አለ። ውስጡ «ጆብ ኦፈር፦ 50» ይላል፤ የካናዳ አሠሪ «እቀጥራታለሁ» ብሎ ለሚሰጠው ደብዳቤ ማለት ነው። ይህ ነጥብ ከመጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ማርች 25 ቀን 2025፣ ጀምሮ ከደረጃ አሰጣጡ ወጥቷል። ያወጡትም የሥራ ደብዳቤ እየተሸጠ ስላስቸገራቸው ነው። ባለቤቱ ግን «መምህር፣ ደብዳቤውን እኛ እናስመጣለን፣ 300 ሺህ ብር ብቻ፣ 50 ነጥብ ኪስህ ገባ ማለት ነው» ይለኛል። ነጥቡ እኮ ቀርቷል ስለው «እሱ ለሌላው ዘርፍ ነው» አለ። ለየትኛው ብዬ ስጠይቅ ስልኩ ጠራ። እህቴ በጆሮዬ «እኛ ጋ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም» አለችኝ።

ሌላው የሚያምታቱት ሁለቱን ቆጠራዎች ነው። የመጀመሪያው መግቢያው ነው፦ ከ100 ቢያንስ 67 ማምጣት። ሁለተኛው ከገቡ በኋላ የሚወዳደሩበት፣ ከ1,200 የሚታሰበው ነው። የሥራ ደብዳቤ ነጥብ የተሰረዘው ከሁለተኛው እንጂ ከመጀመሪያው አይደለም። ባለቤቱ ይህን ለይቶ ቢነግረኝ ኖሮ ባርኔጣዬን አነሳለት ነበር።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በ67ቱ ለዕድሜዋ 12፣ ለዲግሪዋ 21፣ ከስድስት ዓመት በላይ ለሆነው ልምዷ 15 አላት። አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል 6 ብታመጣ 16 ይጨመርላታል። ድምሩ 64 ነው። በሩ አይከፈትም! ባለቤቱ ግን «6 ይበቃታል» ብሎ ፎርም ሊያስሞላት ነበር።

አሁን ደግሞ ማዳመጥ 7.5፣ ሌሎቹን 6.5 አመጣች እንበል። 68 ሆነላት፣ ገባች። በ1,200ው ሲታሰብ 333 አላት። በየክፍሉ ግማሽ ብቻ ብትጨምር፣ ማለትም ማዳመጥ 8፣ ሌሎቹን 7 ብታመጣ፣ ነጥቧ 402 ይሆናል። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ፤ 69 ነጥብ። እሱ በ300 ሺህ ብር የሚሸጠው የሌለ 50 ነው።

402 በራሱ «አመልክቺ» የሚል የካናዳ ጥሪ ያስመጣል አላልኩም። በ2025 ለጤና ባለሙያዎች በወጡት ጥሪዎች አይበቃም ነበር። ከክፍለ ሀገሮቹ አንዱ ካጫት ግን 600 ይጨመርላታል፣ ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ሰዓቱም ይቆጥራል፦ 34 ዓመት 83 ነጥብ ያሰጣል፣ 35 ሲሞላት 77 ይሆናል። ተጠርታ ብትሄድ እንኳ የነርስ ፈቃዱ ለብቻው ሌላ ጉዳይ ነው፣ በየክፍለ ሀገሩ ይታያል። ይህን ጉዳይ ቢሮው ውስጥ ማንም አላነሳልንም።

ስለ ባንኩ ጉዳይ የነገሩን ደግሞ ይብሳል። ለብቻው የሚሄድ ሰው ከ15 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዳለው ማሳየት አለበት። «ለአንድ ወር አካውንቷ ላይ እናስገባላታለን፣ ወለዱን ትከፍላላችሁ» አሉን። ሕጉ የብድር ብር አይቀበልም። የባንኩ ደብዳቤም የስድስት ወር አማካይ ያሳያል። የአንድ ወር እንግዳ ብር እዚያ ላይ ይታወቃል።

እንግሊዝንም ይሠራሉ። «ኬር ወርከር ምዝገባ ተጀምሯል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። እንግሊዝ ለዚህ የአረጋውያንና የሕሙማን እንክብካቤ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው መውሰድ ያቆመችው ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። በዚያው ቀን የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ መደበኛ የደመወዝ ወለልም በዓመት 41,700 ፓውንድ ገብቷል። ምዝገባው የት እንደተጀመረ እንጃ።

ለካናዳ ጉዳይ በክፍያ ማማከር የሚችለው የካናዳ ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ ወይም የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ አባል ነው። ኩቤክ ላይ ኖተሪም ይጨመራል። የአባላቱ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ፈቃድ ያለው ማነው ስል «ወኪላችን ቶሮንቶ ነው» አሉኝ። ስሙን ስጠይቅ «ቅድመ ክፍያ ስትከፍሉ እንነግራችኋለን» ሆነ መልሱ። ሙሉ ፓኬጁ 45 ሺህ ብር ነው፣ ግማሹ በቅድሚያ፣ አይመለስም። በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፕሮፋይል መክፈት ግን በነጻ ነው።

እኛ የተተረጎመውን ወረቀት ይዘን ወጣን። እህቴ አሁን ከተረኛ ሥራ ስትመለስ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ የአይልትስ ልምምድ ትሠራለች። ከአራቱ የሚያስቸግራት ማዳመጡ ነው።

በመምህርነቴ ውጤት ስጥ ካላችሁኝ፣ ለዶክመንት ክፍሉ ከአሥር ዘጠኝ፣ ለነጥብ ቆጠራው ሁለት። ሁለቱም ለሂተሩ ነው። ለትርጉም የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። ባለቤቱ የሚገባው ከሰዓት ነው።