ለእንግዳ የስፖርት መምህር፦ የልጆች ፓራሹት

ሰው አገር ሄዳችሁ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን ስፖርት ልታስተምሩ ከሆነ፣ ሻንጣ ውስጥ ከኳስ በፊት ይህን ክተቱ።

ፓራሹት ይባል እንጂ ማንም አይዘልበትም። ክብ የናይሎን ጨርቅ ነው። በቀለም የተከፋፈለ፣ ዙሪያውን እጀታ የተሰፋለት፣ መሃሉ ላይ በመረብ የተሸፈነ ቀዳዳ ያለው። የእኔው ከጫፍ ጫፍ 6 ሜትር ነው። ሲታጠፍ ግን ትራስ ቢያክል ነው። ኳስ ቦታ ይፈጃል፣ ፓምፕ ይፈልጋል፤ ይሄ ምንም አይፈልግም።

የእንግዳ መምህር ትልቁ ፈተና ማስረዳት ነው። «ተሰለፉ፣ ኮኑን ዙሩ፣ ለጓደኛችሁ አቀብሉ» ለማለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል። እሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ደግሞ ልጆቹ ተበትነዋል። ፓራሹቱን ስትዘረጉት ግን ማንም ሳያዛቸው ዙሪያውን ይይዙታል። እጃችሁን ስታነሱ ያነሳሉ፤ ቁጢጥ ስትሉ ቁጢጥ ይላሉ። ከአገሩ ቋንቋ የአራት ቀለማት ስም ከያዛችሁ ይበቃል። ቀይ ስትሉ ቀይ የያዙት በስሩ ሮጠው ቦታ ይቀያየራሉ። በእኔ አነጋገር ቀለም ሲጠራማ ሳቁ ሌላ ነው።

የምወድለት ዋናው ነገር ራሱ ማረሙ ነው። ሁሉም እኩል ሽቅብ ካነሱት አየር ከስር ይገባና ይነፋል። አንዱ ከቀደመ ያ ጎን ወዲያው ይረግፋል። ልጆቹ አይተው በራሳቸው ይስተካከላሉ፤ እኔ ፊሽካ አልነፋም። የመሃሉ ቀዳዳ አየሩን ስለሚያስወጣ ጨርቁ ወደ ጎን ሳይሸሽ ይወርዳል። አንዲት ግድግዳ ተደግፋ የቀረች ልጅ ነበረች። ሁሉም ሽቅብ ሲያይ ቀስ ብላ መጣችና እጀታውን ትታ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። እኔም እንዳላየ አለፍኩ።

አሁን ወደ እንከኑ። ቀድሞ የሚለቀው የእጀታው ስፌት ነው። የእኔውን በወፍራም ክር ደግሜ ሰፍቼዋለሁ። ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት፤ ስፌቱ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ተዉት። መረቡም ሰፋፊ ዓይን ያለው ከሆነ የልጅ ጣት ይይዛል። እጀታውን በመዳፍ መያዝ እንጂ አንጓ ላይ ማጥለቅ ክልክል ነው፣ ይሄን መጀመሪያ በምልክት አሳዩአቸው። ለስላሳ ወለል ላይ ጨርቁን የረገጠ ልጅ ይንሸራተታል። ነፋስ ባለበት ሜዳማ አታውጡት፤ ትንንሾቹን ይጎትታቸዋል።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። በፓራሹት ብቻ እዚያ አይደረስም። ትከሻና ክንድ ይሠራል እንጂ እግር ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው። ስለዚህ እኔ ክፍለ ጊዜውን በእሱ ከፍቼ፣ ልጆቹ ከለመዱኝ በኋላ አጥፌው ወደ ሩጫና ዝላይ አልፋለሁ። ሙሉውን ሰዓት በእሱ የሚጨርስ መምህር አይቻለሁ፤ ልጆቹ መጨረሻ ላይ ጨርቁን እየተጓተቱ ይጣሉ ነበር።

መጠኑን በተመለከተ፣ አሥር ለሚሆኑ ልጆች 3.5 ሜትሩ ይበቃል። ለሙሉ ክፍል 6 ሜትሩን ውሰዱ። ከዚያ የሚበልጠው ትንንሽ ልጆች አንስተው አይችሉትም፣ አዋቂ አጋዥ ይፈልጋል። ከእርጥብ ሣር ላይ አንስታችሁ ወዲያው አትጠፉት፤ ይሻግታል።