ጠረጴዛችንን ለቀቡልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በእጅ የተሠራውን የምግብ ጠረጴዛችንን ፊኒሺንግ (ማለስለሱንና ቅቡን) የሠሩልንን ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ጥሩ እንጨት መርጣችሁ ዕቃ ያሠራችሁ ሁሉ፣ ቅቡን ለእሳቸው ስጡ።

ከዚህ በፊት የሠሩልን ቤቶች ስማቸው ይቅር፤ ሥራቸው ግን ዛሬም ያናድዳል። አንዱ ላከር የሚባለውን ቶሎ የሚደርቅ ቅብ በዝናብ ቀን ረጭቶ ገጹ ጉም የለበሰ መስሎ ነጣ። ቅቡን የሚያቀጥነው ቲነር ቶሎ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት ቅቡ ላይ ያርፍና እዚያው ይታሰራል። ይህን የማያውቅ ሰው መርጫ ባይዝ ይሻላል። ሌላው ወንበሮቹን የተልባ ዘይት አጠጥቶ ትርፉን ሳይጠርግ ተወው፤ የተቀመጠ ሁሉ ልብሱ ይጣበቅ ነበር። ዘይት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠጥቶ የተረፈው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ካልወጣ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። የሁለቱም መልስ «ሲቆይ ይስተካከላል» ነበር። አይስተካከልም!

እኚህ ሰው ግን ቆርቆሮ ሳይከፍቱ ጥያቄ ጀመሩ። «ትኩስ ነገር ይቀመጥበታል? በምን ነው የምትወለውሉት? ልጆች አሉ?» ሼላክ፣ ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራው ቅብ፣ ያምራል፤ ግን አልኮል ያሟሟዋል፣ ትኩስ ሲኒም ነጭ ክብ ይተውበታል። ዘይትና ሰም የእንጨቱን መልክ ያወጣል፣ ሲጫርም በቀላሉ ይታደሳል፤ ውሃ ሲያድርበት ግን ምልክት ይይዛል። ለእኛ ፖሊዩሬቴን፣ ፕላስቲክ መሰሉን ጠንካራ ቅብ፣ መረጡ። አንድ ቀን ከተላጠ ለመጠገን አስቸጋሪ መሆኑንም ሳይደብቁ ነገሩን።

አንጀቴን ያራሱት ግን ከዚያ ቀጥሎ ነው። ገጹን በእርጥብ ጨርቅ አበሱና አምፖሉን በጎን በኩል ዝቅ አድርገው አበሩበት። በደረቁ ያልታየው ሁሉ ወጣ፤ መጋጠሚያው ላይ የኮላ ጠብታ፣ የእንጨቱን መስመር አቋርጦ የሄደ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት። ኮላ የነካው ቦታ ማቅለሚያ ስለማይጠጣ ነጥቶ ይቀራል። አንድ በአንድ በእርሳስ ከበቧቸውና ፋቋቸው። ውሃው ያስነሳውን የእንጨት ጸጉርም ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አነሱት (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል)። ማንም ሳይጠይቃቸው! ቢተዉት ማን ያውቅባቸው ነበር?

ሥራቸው ሁሉ እንዲህ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ከ80 ወደ 120፣ 180፣ 220 በተራ አሳለፉት፤ ቁጥር ከተዘለለ የ80ው ጭረት ተደብቆ ይቆይና ማቅለሚያ ሲነካው ይወጣል። የጣውላው ጫፍ ብዙ ስለሚጠጣ እንዳይጠቁር እስከ 320 አለሰለሱት። ፖሊዩሬቴኑን በዝግታ አማሰሉት እንጂ አልናጡትም፤ ከተናጠ አረፋው ገጹ ላይ ይደርቃል። የመጀመሪያውን እጅ አቅጥነው፣ ሦስት እጅ ቀቡ፤ በየመሃሉ በ320 ቀለል አድርገው ፈግፍገው አቧራውን ጠረጉ። የጠረጴዛውን ሆድም እኩል ቀቡት። ላዩ ብቻ ከተቀባ እርጥበት በታች በኩል እየገባና እየወጣ ጣውላውን ሊያጎብጠው ይችላል። ስንት ቆንጆ ጠረጴዛ በዚህ ተበላሽቷል!

ዘይት የነካውን ጨርቅ እንኳ ጠቅልለው አይጥሉም፤ ውጭ ዘርግተው ያደርቁታል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ከታፈነ በራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

እባካችሁ እሳቸው ዘንድ ሂዱ። ስትሄዱ ከዚያው እንጨት የተረፈ ቁራጭ ያዙ፤ ቀለሙን በእሱ ላይ ሞክረው ያሳዩአችኋል። በተለይ ጥድን የመሰለ ለስላሳ እንጨት ዝንጉርጉር ስለሚሆን ሳይሞከር አይቀባም። አታጣድፏቸው። ዕቃው ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ዘይት ቀመስ ፖሊዩሬቴን አጥብቆ እስኪጠነክር እስከ 30 ቀን ይፈልጋል፤ እስከዚያ ጨርቅ አታልብሱት፣ ከባድ ዕቃም አትጎትቱበት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።