ሲቪ እንጽፍላችኋለን ለሚሉ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሥራ እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ማመልከቻ ልካችሁ ልካችሁ መልስ ያጣችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት «የሲቪ ባለሙያዎች ነን» ለሚል ድርጅት የመጨረሻ ደመወዜን ሲሶ ያህል ከፍዬ ሲቪ አሠራሁ። ያኔ ሥራ የለኝም፤ የምኖረው ካጠራቀምኩት ላይ እየቀነስኩ ነበር። የተሰጠኝ ወረቀት ከአሮጌው ሲቪዬ የባሰ ሆኖ አገኘሁት፤ አንድ ጥሩ ዕድልም አበላሽቶብኛል። የድርጅቱን ስም አልጠራም። አሠራሩ የብዙዎች ስለሆነ የአንዱን ስም ማወቅ ከሌላው አያድንም፤ ማወቅ ያለባችሁ አካሄዱን ነው።

ነገሩ የጀመረው በሊንክድኢን በመጣ መልእክት ነው። ለድርጅቶች ሠራተኛ እመለምላለሁ ያለች ሴት «ልምድዎን አይቼ ወድጄዋለሁ፣ ሲቪዎን ይላኩልኝ» አለችኝ። ላክሁላት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መለሰች፦ «ልምድዎ በጣም ጥሩ ነው፤ ሲቪዎ ግን ኤቲኤስ አያልፍም። ከ100 ያገኘው 38 ነው። የማውቀው ባለሙያ አለ፣ እሱ ያስተካክልልዎት፤ ከዚያ ለአሠሪው አቀርበዋለሁ።» የሥራ መደቡ ምን እንደሆነ ስጠይቃት «መጀመሪያ ሲቪው ይስተካከል» አለችኝ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እውነተኛ መልማይ የሚከፈለው ከአሠሪው ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ቁጥር 181 ስምምነትም የግል የሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይጠይቁ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። መደቡን ሳይነግራችሁ ወደሚከፈልበት ቦታ የሚመራችሁ ሰው የሚያስቀጥርበት ሥራ የለውም፤ የሚሸጠው ሲቪ ነው።

ስለ ኤቲኤስ ትንሽ ላብራራ፤ የሚያስፈራሩን በእሱ ስለሆነ። ኤቲኤስ ማለት አሠሪዎች የሚመጡላቸውን ማመልከቻዎች የሚያከማቹበትና የሚከታተሉበት ሶፍትዌር ነው። ከሲቪው ላይ ስምን፣ ስልክን፣ የሥራ መደብንና የአገልግሎት ዘመንን አንብቦ በየቦታው ያስቀምጣል፤ የአሠሪው የቅጥር ክፍል ሠራተኛ ደግሞ በቃላት እየፈለገ ያወጣል። በገበያ ላይ ብዙ ዓይነት አለ፤ እያንዳንዱ አሠሪም እንደ ፍላጎቱ ያስተካክለዋል። ስለዚህ «የኤቲኤስ ውጤት» ብሎ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። 38 የተባለው የእነሱ የራሳቸው ቁጥር ነው። «ከ100 ሲቪ 75ቱን ሮቦት ይጥለዋል» የሚለው ወሬም እንዲሁ ነው። ምንጩ ተፈልጎ ሲደረስበት ይህንኑ አገልግሎት ይሸጥ የነበረና እ.ኤ.አ. በ2013 የተዘጋ ድርጅት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከጀርባው የታተመ ጥናት የለም። ማሽኑ በራሱ አመልካች የሚጥለው በአብዛኛው ቅጹ ላይ በሚመለሱ የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄዎች ነው፤ ለምሳሌ የሥራ ፈቃድ ወይም መንጃ ፈቃድ ይጠየቅና የለኝም ስትሉ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበርና ከፈልኩ። የላኩልኝ ቅጽ ስም፣ ስልክ፣ የምፈልገው የሥራ ዘርፍና አሮጌውን ሲቪ የምጭንበት ቦታ ብቻ ነበረው። ማንም አልደወለልኝም። ስለሠራሁት ሥራ አንድም ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ፋይሉ መጣ፤ ግራው ሰማያዊ፣ ቀኙ ነጭ፣ ከላይ ክብ ፎቶ፣ ከጎን የችሎታ መለኪያ መስመሮች። ኤክሴል 85 በመቶ ይላል። የምን 85 በመቶ? ማን ለካው? ግን ያምር ነበር፤ ማማሩም አታለለኝ።

አሮጌው ሲቪዬ ላይ «ንብረት ክፍል፤ ቢን ካርድ መመዝገብ፣ ቆጠራ ማድረግ» የሚል ደረቅ መስመር ነበር። ቢን ካርድ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ ነው። ደካማ መስመር ነው፣ አልክድም። እነሱ «የአቅርቦት ሰንሰለቱን በስልታዊ አመራር በመምራትና ባለብዙ ዘርፍ ቡድን በማስተባበር ለተቋማዊ ልህቀት የላቀ አስተዋጽኦ ያበረከተ» አደረጉት። ሳነበው ደስ አለኝ። እኔ የማውቀው እኔ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም።

በዚያ ሲቪ አንድ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከጠያቂዎቹ አንዷ መስመሩን በእስክሪብቶዋ ነካ አድርጋ «ቡድን ማስተባበር ይላል እዚህ፤ ስንት ሰው ነበር?» አለችኝ። እኔ በዚያ ክፍል የሠራሁት ብቻዬን ነው። ጭነት ሲመጣ የሚያግዙኝ ሁለት ሰዎች ከሌላ ክፍል ይላኩልኝ ነበር እንጂ የማስተባብረው ቡድን አልነበረኝም። ይህንኑ ተናገርኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ የተጠየቅሁት ሁሉ ለደንቡ ያህል ነበር። ደግሞ አልፈርድባትም፤ እሷ ያየችው የፈረምኩበትን ወረቀት ነው። ሲቪ ላይ ያለ ቃል ማንም ይጻፈው ማን፣ ተጠያቂው ባለ ስሙ ነው። የያሁ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ስኮት ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ በያዘ በአራት ወሩ ገደማ የለቀቀው በግል ታሪኩ ላይ የሌለው የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ተጽፎ በመገኘቱ ነው፤ ያለው ዲግሪ የሒሳብ አያያዝ ብቻ ነበር። እሱን ያላስመለጠ ነገር እኛን አያስመልጠንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ፋይሉን በደንብ የመረመርኩት። እናንተም በያዛችሁት ሲቪ ላይ አሁኑኑ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ፤ ክፍያም አይጠይቅም። ፒዲኤፉን ክፈቱ፣ ሁሉንም ጽሑፍ ምረጡ፣ ገልብጡና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ኤቲኤሱ ከሞላ ጎደል የሚያየው ያንን ነው። የእኔው ሲለጠፍ ግራው ዓምድ ከቀኙ ጋር ተቀላቅሎ «2018 ኤክሴል ንብረት ቋንቋ ክፍል» ዓይነት ነገር ሆነ። ስልክ ቁጥሬ ጭራሽ አልነበረም፤ በሥዕል መልክ የገባ ነው። «ኤቲኤስ ያልፋል» ብለው የሸጡልኝ ሲቪ ይህ ነው። አንዳንዱማ ሙሉ ገጹ ሥዕል ስለሆነ አንዲት ፊደል እንኳ አይመረጥም፤ እንደዚያ ከሆነ ለማሽኑ ባዶ ወረቀት እንደመላክ ነው።

ቀጥዬ ያደረግሁት ነገር ደግሞ ጥርጣሬዬን ዘጋው። እነሱ የሠሩልኝን ሲቪ፣ አንድ ፊደል ሳልቀይር፣ በሌላ ኢሜይል ወደ ራሳቸው «ነጻ ግምገማ» መልሼ ላክሁት። በማግስቱ መልስ መጣ፤ ከ100 41፣ «አስቸኳይ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል»። የገዛ ሥራቸውን አላወቁትም። ያነበበው ሰው ስለሌለ።

ከእኔ ጋር ሥራ የለቀቀች ባልደረባዬም ለእነሱ ከፍላ ነበር። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ መግቢያው አንቀጽ ቃል በቃል አንድ ነው። እሷ የደንበኞች አገልግሎት፣ እኔ ንብረት ክፍል። የእሷን የወርድ ፋይል ባሕርያት ስንከፍት ደግሞ «ደራሲ» በሚለው ቦታ የማናውቀው ሦስተኛ ሰው ስም አለ። ምናልባት ከእኛ በፊት የከፈለ ሰው ይሆናል። አሠሪም ፋይሉን ሲቀበል ይህንን ማየት ይችላል፤ ስለዚህ ሲቪ ከመላካችሁ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የማን ስም እንዳለ እዩ።

«በ60 ቀን ቃለ መጠይቅ ካላገኙ ዋስትና አለ» ይሉ ነበር። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ነው የገባኝ። ውሉ ውስጥ ያለው ግን «በድጋሚ በነጻ እንጽፋለን» ነው። ከታች በትንሽ ፊደል ደግሞ ረቂቁ በደረሰ በ48 ሰዓት ውስጥ አስተያየት ያልሰጠ ደንበኛ እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። ዋስትና የሚል ቃል ስታዩ «ምኑ ነው የሚመለሰው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ።

በመጨረሻ ሲቪዬን ራሴ ጻፍኩት። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ አብዛኛው ጊዜ ያለፈው በመጻፍ ሳይሆን በማስታወስ ነው። የረዳኝ ቀላል ጥያቄ ነበር፦ እኔ ስገባ ነገሩ እንዴት ነበር፣ ስወጣስ? ያኔ ነው ቆጠራው ትዝ ያለኝ። ስገባ የንብረት ቆጠራ አምስት ቀን ይፈጅ ነበር። መደርደሪያዎቹን ቁጥር ሰጥቼ፣ ቢን ካርዶቹን በዚያው ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ በኤክሴል ዝርዝር ካወጣሁ በኋላ በሁለት ቀን ማለቅ ጀመረ። በአራት ዓመት ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው፤ ከአሮጌው ሲቪም ከተገዛውም ላይ ግን አልነበረም። እኔ ቁም ነገር አልመሰለኝም፣ እነሱ አልጠየቁኝም። አሁን መስመሩ እንዲህ ይነበባል፦ «ወደ 1,200 የሚጠጉ የዕቃ ዓይነቶችን በቢን ካርድና በኤክሴል ተቆጣጥሬያለሁ፤ መደርደሪያዎችን በቁጥር በማደራጀት የቆጠራ ጊዜን ከ5 ቀን ወደ 2 ቀን አውርጃለሁ።» ይህን ሲጠይቁኝ ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁኝም እመልሳለሁ።

ቁጥር የሌለው ሥራ ያላችሁ አትጨነቁ፤ ቁጥርም አትፍጠሩ። ምን ያህል ጊዜ፣ ለስንት ሰው፣ በምን መሣሪያ፣ ማን አምኖ እንደሰጣችሁ መጻፍ ይበቃል። አዲስ ተመራቂም ቢሆን የመመረቂያ ሥራውን፣ በጎ ፈቃድ ያገለገለበትን፣ የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የያዘበትን ጊዜ በዚሁ መንገድ መጻፍ ይችላል።

ቅርጹ ቀላል ይሁን። አንድ ዓምድ፣ የተለመደ ፎንት፣ «የሥራ ልምድ» እና «ትምህርት» የሚሉ ግልጽ ርዕሶች፣ የቅርቡ ሥራ ከላይ። ስልክና ኢሜይል በገጹ ዋና አካል ላይ ይጻፉ እንጂ በወርድ ሄደር (ከገጹ አናት ባለው የተለየ ቦታ) ውስጥ አይግቡ፤ አንዳንድ ሶፍትዌር ሄደርን አያነብም። ሻጮቹ «ቀጣሪ ሲቪ የሚያየው ለ6 ሰከንድ ነው» እያሉ ያዋክባሉ። ቁጥሩ የመጣው ላደርስ የተባለው የሥራ ማገናኛ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ካደረገው የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት ነው፤ በ2018 ሲደግመው 7.4 ሰከንድ ሆኗል። የማይነግሯችሁ ግን የዚያው የ2018 ጥናት ግኝት ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው ርዕሶቹ በግልጽ በተለዩ ቀላል ሲቪዎች ላይ መሆኑን ነው። የተጨናነቁትና ብዙ ዓምድ ያላቸው ናቸው የወደቁት፤ ማለትም እኔ የገዛሁት ዓይነት።

ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሲቪውን ትንሽ ማስተካከል ያስፈልጋል። ማስታወቂያው «ኢንቬንቶሪ» ካለና እናንተ «ንብረት ቁጥጥር» ካላችሁ፣ ሥራው አንድ እስከሆነ ድረስ የእነሱን ቃል ተጠቀሙ፤ የቅጥር ሠራተኛው ሲቪ ሲፈልግ የሚተይበው ያንን ነው። የማስታወቂያውን ቃላት በሙሉ በነጭ ፊደል ደብቁ የሚል ምክር ግን አትስሙ። ሶፍትዌሩ ጽሑፉን ሲያወጣ የተደበቀው ሁሉ ይታያል፤ ያየው ሰውም ሲቪውን ወደ ጎን ነው የሚያደርገው። ቅርጹ ከከበዳችሁ የአውሮፓ ኅብረት ዩሮፓስ የሚባል የሲቪ ማዘጋጃ በነጻ አቅርቧል፤ ወርድና ጉግል ዶክስም የራሳቸው ቴምፕሌት አላቸው።

ሁሉም ሲቪ ጸሐፊ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ጥሩዎች አሉ። ጥሩውን የምታውቁት ከመጻፉ በፊት በሚጠይቀው ነው። ስልክ ይደውላል፣ የሥራ ማስታወቂያውን ይጠይቃል፣ «ይህን እንዴት ሠራችሁት?» ብሎ ያደክማችኋል፣ የማታውቁት ቃል ካስገባ ያወጣዋል። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳያነጋግር የሚጽፍላችሁ ሰው ከምን ያመጣዋል?

ሌላው የሚያሳስበኝ የምንልክላቸው መረጃ ነው። ለእኔ «ለፋይሉ» ብለው የመታወቂያ ቅጂ ጠይቀውኝ ነበር። ሲቪ ለመጻፍ የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን አያስፈልግም። የጠየቀ ካለ አትላኩ።

ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የውይይቱን ስክሪንሾት፣ ደረሰኙንና ውሉን አንድ ቦታ አስቀምጡ። ገንዘብ እንዲመለስ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀን ቁረጡላቸው። የሚታረመውን የወርድ ፋይል ጠይቁ፤ ፒዲኤፍ ብቻ ከሰጧችሁ ለእያንዳንዷ ማረሚያ መልሰው ያስከፍሏችኋል። በካርድ የከፈላችሁ ክፍያውን መቃወም ይቻል እንደሆነ ባንካችሁን ጠይቁ፤ ለዚህ የጊዜ ገደብ ስላለ አትዘግዩ። እኔ የጠየቅሁት ካለፈ በኋላ ነው፣ አልተሳካልኝም። መረጃዬን እንዲያጠፉ ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ፤ ለሁለተኛው «ጠፍቷል» የሚል አንድ ቃል መለሱልኝ። በዚያው ሳምንት ግን ሌላ ስም ያላት መልማይ በሊንክድኢን መጣችና ሲቪዬ ከ100 38 ማግኘቱን ነገረችኝ።