ለጀርመን ተማሪ ስንቅ የገዛሁባት የሾላዋ ባልትና ቤት

በርበሬዋ ጥሩ ነው። አስተሻሸጓ ደግሞ ከበርበሬዋም ይበልጣል። የቅቤ ሽያጯን ግን አልወደድኩላትም። ሾላ ገበያ ውስጥ ስላለችው ባልትና ቤት በአጭሩ የምለው ይሄን ነው። ዘንድሮ ልጅ ወደ ውጭ የምትልኩ ካላችሁ ረጅሙንም አንብቡት።

ታናሽ ወንድሜ ለማስተርስ ጀርመን ሊሄድ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ስለሆነ ስንቁ የሚዘጋጀው በክረምት ነው። በርበሬ አስጥታችሁ የምታውቁ ችግሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ ፀሐይ የለም። እማዬ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ በርበሬ መደለዝ ትታለች። ኮሪደር ላይ ብታሰጣ ፎቁ ሙሉ ያነጥሳል። የተገዛ በርበሬ ቤቷ ሲገባ ደስ አይላትም፤ ለማሙሽ ሲሆን ግን እሺ አለች። (ማሙሽ 24 ዓመቱ ነው። እኛ ቤት ስም አይቀየርም።)

የባልትና ቤቱን ባለቤት መጀመሪያ የጠየቅኳት «እትዬ፣ ይሄ በርበሬ መቼ ነው የደረቀው?» ብዬ ነው። አልተቆጣችም። ዛላው የማረቆ መሆኑን፣ ዝናቡ ሳይገባ ተደልዞ መድረቁን፣ የሚፈጨው ግን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተባለ እንደሆነ ነገረችኝ። ጨበጥ አድርጌ ለቀቅኩት፤ አልተጓጎለም። እርጥበት ያለው በርበሬ ይያያዛል፣ ታሽጎ ሲቆይ ደግሞ ይሻግታል። ኮረሪማው ጥሩ ይሸታል፣ ጥቁር አዝሙዱ ለእኔ ትንሽ በዛ። እማዬ ቀምሳ «ምንም አይልም» አለች። እማዬን ለሚያውቅ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ምጥን ሽሮዋም አያሳፍርም። ሚጥሚጣዋ ቃጠሎ ብቻ ነው፣ ተዉት። በሶዋን ግን ጨምሩበት። ከክፍል ደክሞት ለሚገባ ልጅ ምድጃም አያስፈልገውም፣ በውሃ በጥብጦ ይጠጣል።

አየሩን መጥጦ የሚያሽግ ማሽን አላት። ኪሎ ኪሎውን በድርብ ላስቲክ ታሽጋለች። ላዩ ላይ ምን እንደሆነና መቼ እንደታሸገ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትለጥፍበታለች። ይሄን እንደ ቀላል አትዩት። ፍራንክፈርት የወረደ ልጅ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቀይ ዱቄት ይዞ ለፈታሽ ምን ብሎ ያስረዳል? ለማሸጊያው ለብቻ ታስከፍላለች። ለብሎክድ አካውንት (ጀርመን ለተማሪ ቪዛ የምትጠይቀው ዝግ የባንክ ሒሳብ) 11,904 ዩሮ ያስቀመጠ ቤተሰብ እያንዳንዷን ብር ቢቆጥር አይፈረድበትም። እኔ ግን ይሄኛው አልቆጨኝም።

አሁን ወደ ቅቤው። ሒሳብ ልከፍል ስል «የኔ ልጅ፣ ያለ ቅቤ ምን ወጥ አለ? ሁለት ኪሎ ንጥር ልጨምርልሽ» አለችኝ። ያውም በፍልሰታ። አውሮፓ አያስገቡም አልኳት።

«ማን ያየዋል? ሁሉም ይወስዳል።»

እዚህ ላይ አልተግባባንም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ቅቤም፣ አይብም፣ ቋንጣም አይገባም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይቻላል። ቅቤው ከተያዘ ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። እኔ ስለማውቅ እምቢ አልኩ። የማታውቅ እናት ግን ያንን ውድ ቅቤ ገዝታ፣ ልጇን በመጀመሪያ ቀኑ ጉምሩክ ፊት ታቆመዋለች። ሻጭ ናት፣ ትሽጥ። ግን ለየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቃ ትሽጥ።

የሚገርመው መፍትሔው እዚያው መደርደሪያዋ ላይ አለ። የቅቤ ማንጠሪያ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ሁሉም ደርቆ የተዘጋጀ። ልጁ ጨው የሌለው ቅቤ ከሱፐርማርኬት ይገዛና ራሱ ያነጥራል። እማዬ በስልክ እያየች ታሠለጥነዋለች፣ ከአሁኑ ተዘጋጅታለች። ይሄን ቅመም ግን እትዬ አላሰበችልኝም፣ እኔ ነኝ የጠየቅኳት። ይሄም ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

የጤፍ ዱቄት ግን አታሸክሙት። ትኬቱ የሚፈቅድለት ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ወፍራም ጃኬትና ጫማ ብቻውን ስንቱን ይበላል። በጀርመን ትልልቅ ከተሞች የሐበሻ ሱቅ አለ፣ ጤፍ እዚያ አይጠፋም። እንደ እማዬ እጅ የሆነ በርበሬ ማግኘት ነው የሚከብደው።

የምትሄዱ ከሆነ ነሐሴ ሳያልቅ በጠዋት ሂዱ። የእንቁጣጣሽ ገበያ ከጀመረ ማሽኑ ወረፋ ይበዛበታል፣ እትዬም ቆማ ስለ ዛላ የምታስረዳበት ጊዜ አይኖራትም። ስትከፍሉ ማንጠሪያውን ራሳችሁ ጠይቁ።