ዘጠኝ ወር ከጋራዥ ጋር፦ የሠርግ ቪዲዮ በሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ

አምና በጥር አንድ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ወድቆ የአንድ ቤተሰብ የመልስ ቪዲዮ ጠፋብን። የሙሽራዋ እናት ስቱዲዮ መጥተው ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ምን እንዳልኳቸው አልረሳውም። ገንዘቡን መለስኩ። ቀኑን ግን ማን ይመልሰዋል?

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ትንሽ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ከዚያ ነገር በኋላ ስጠያይቅ ቆይቼ፣ በጥቅምት ጋራዥ የሚባለውን ሶፍትዌር ጫንኩ። የሚሠራው ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። በነፃ ይገኛል፣ ኮዱም ክፍት ነው። ተራ ኮምፒውተሮችን አስተሳስሮ እንደ አንድ መጋዘን ያሠራቸዋል። ፋይል የሚገባው ድረ ገጾች በሚላኩበት መንገድ፣ በኤችቲቲፒ ነው፤ የሚግባባውም አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ለፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቱ ባመጣው በኤስ3 ቋንቋ ነው። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም መማር አላስፈለገኝም፣ አርክሎን (rclone) የሚባለውን ፋይል መላኪያ ፕሮግራም እጠቀማለሁ።

የሳበኝ ብዙ አለመጠየቁ ነው። 1 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ማሽኖቹ አንድ ክፍል ውስጥ መሆንም የለባቸውም። የኔ ሦስቱ አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው። አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ ቦሳ ኪቶ ቤቴ፣ አንዱ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወንድሜ ሱቅ። የሚገናኙት ከጣሪያ ጣሪያ በሚተያዩ የዋይፋይ አንቴናዎች ነው። አንዱ ሰፈር መብራት ሲሄድ ሌላው ጋ ሊኖር ይችላል፤ ጅማ የኖረ ሰው ይሄን ያውቀዋል።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ፋይል በምልክበት ጊዜ «አስቀምጥልኝ» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ስቱዲዮው ማሽን ጋ ይደርሳል። እሱ ቪዲዮውን ይቆራርጥና እያንዳንዱን ቁራጭ ለሦስቱም ያድላል። ከሦስቱ ሁለቱ «ጽፈናል» ሲሉ ብቻ ነው 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚል መልስ የሚመልሰው። ሦስተኛው ዘግይቶም ቢሆን ይደርስበታል። ፍጥነቱን የሚወስነው እንግዲህ አጠገቤ ያለው ማሽን ሳይሆን በአንቴናው ማዶ ያለው ነው። የአንድ ሠርግ 120 ጊጋባይት ሲላክ ያድራል።

በጥር አንድ ቅዳሜ ማታ ረዳቴ የካሜራውን ካርድ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ መላኩ መቶ ፐርሰንት ሞልቷል። ፎርማት ላርገው?» እኔም እሺ ልለው ነበር። ዞር ብዬ ሳይ መስመሩ መቶ ላይ ቆሟል፣ መልሱ ግን አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ 503፣ ማለትም «አሁን አልችልም» አለ። ቤትም መርካቶም መብራት ጠፍቶ ነበር። የመጨረሻው ቁራጭ ከኛ ኮምፒውተር ወጥቷል እንጂ ሁለት ቦታ አላረፈም። መቶ ማለት «ልኬያለሁ» ነው፤ 200 ማለት «ተቀብያለሁ» ነው። ያን ካርድ ፎርማት አድርገነው ቢሆን ሌላ እናት ፊት እቆም ነበር። ጋራዥን የወደድኩት በዚህ ነው። ማስቀመጥ ካልቻለ አልቻልኩም ይላል። ሁለት ማሽን ሲጠፋ ማንበብም አይቻልም፣ ያ ያስቸግራል። ግን ሳያስቀምጥ አስቀምጫለሁ ከሚለኝ ይሄ ይሻለኛል።

ትልቅ ፋይል በክፍል በክፍል ነው የሚላከው። መሀል ላይ ኮምፒውተራችን ከጠፋ አርክሎን ያንን ፋይል ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። የተላኩት ክፍሎች ግን ማሽኖቹ ላይ ይቀራሉ፣ በፋይል ዝርዝር ውስጥም አይታዩም። ይሄን ሳላውቅ እስከ መጋቢት ዲስኩ እየሞላ ምክንያቱ ጠፍቶብኝ ነበር። ያላለቁ ጭነቶችን የሚያጸዳ ትእዛዝ አለው። አሁን በየሳምንቱ በራሱ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። የምትጭኑት ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ላይ አድርጉት።

ከሁሉም ያደከመኝ ግን የቀን ጉዳይ ነው። የኤዲቲንግ ኮምፒውተራችን የማዘርቦርድ ባትሪ ሞቶ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ተዛባ። ረዳቴ በቅን ልቦና ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ አስተካከለው፣ በኛ አቆጣጠር። ኮምፒውተሩ 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። እያንዳንዱ የኤስ3 ጥያቄ ቀን ያለበት ፊርማ ይዞ ነው የሚሄደው። ቀኑ ያረጀ ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። እኔ ግማሽ ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንቴና ሳዞር ዋልኩ። መፍትሔው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ መቀየርና ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል ማድረግ ነበር።

የሚቀረው ነገር አለ። ሁሉም ፋይል ሦስት ቦታ ስለሚቀመጥ 1 ቴራባይት ለማኖር 3 ቴራባይት ዲስክ መግዛት ግድ ነው፤ ለኛ ዓይነት ስቱዲዮ ከባድ ወጪ ነው። የፋይል አሮጌ ቅጂም አያስቀምጥም። በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ከላካችሁ የፊተኛው ሄደ ማለት ነው። እኛ አሁን ፋይሉን ስንሰይም የሠርጉን ቀንና የካሜራውን ቁጥር እናስገባለን፣ በተላከ ስም ላይም ደግመን አንልክም።

ሐምሌ ገብቷል፣ ዝናቡም መብረቁም በርትቷል። ባለፈው ሳምንት የመርካቶው ማሽን ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሰነበተ። ሥራ አላቆምንም። መብራት ሲመጣ ያመለጠውን ራሱ ከሁለቱ እየወሰደ ሲሞላ ወንድሜ ሱቅ ሆኜ አየሁት። የዲስኩ መብራት እስከ ማታ ብልጭ ድርግም ሲል ዋለ።