ዲቲ-830 ቴስተር ለድሮ መኪና፦ ምን ትችላለች፣ ምንስ አትችልም

በአዳማ የመለዋወጫና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ከሚሸጡት ቴስተሮች (የኮረንቲ መለኪያዎች) ርካሿ ዲቲ-830 ናት። እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያለ የድሮ መኪና የያዘ ሰው ባትሪ ወይም ዲናሞ ከመግዛቱ በፊት ይህችን ይግዛ እንላለን፤ ድክመቷን ግን አውቆ ይያዛት።

ለቻርጅ ችግር የምትፈልጉት የዲሲውን (የባትሪ ዓይነት ኮረንቲ መለኪያውን) 20 ቮልት መስመር ብቻ ነው። መኪናው አድሮ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ካለ ወደ ግማሽ ወርዷል። አስነሱና ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከ12 ቤት ካልወጣ አይሞላም፤ 15 ካለፈ ደግሞ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ተበላሽቷል፣ ባትሪውን አፍልቶ ውሃውን ይጨርሰዋል።

ካልሞላም ዲናሞ ለማስፈታት አትቸኩሉ። ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ የቴስተሯን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.2 በላይ ካሳየ የማሳው ገመድ (ኔጌቲቩን ከሞተሩና ከቦዲው የሚያገናኘው) ላልቷል ወይም ዝጓል። ባትሪው ላይ ያለውን ጫፍ መጀመሪያ የባትሪው እርሳስ ራስ ላይ፣ ቀጥሎ የገመዱ መያዣ ላይ አሳርፉት፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ ነጩን ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቦ ማጥበቅ ይበቃል። ለዚህ ሲባል ስንት ደህና ዲናሞ ይወልቃል!

ሙቀት አትለካም። ሆኖም በብዙ የድሮ ሞተሮች ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ የባትሪው መብራት በርቶ ሙቀቱም አብሮ ከወጣ ቺንጋውን እዩ። በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲሜትር ያህል ይገባል። ጎኑ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ግን ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየር። ቮልቱ ደህና ሆኖ ሙቀቱ ብቻ ከወጣ ቴርሞስታቱን፣ ራዲያተሩን፣ በተለይም የራዲያተሩን ክዳን ተመልከቱ። አዳማ ከፍታዋ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊት ያልያዘ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ከመተሐራ ሽቅብ ሲመለስ የሚያፈላው ለዚህ ነው።

ቴስተሯ ለራዲያተሩም የምትጠቅምበት መንገድ አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍታችሁ ቀዩን ጫፍ ብረት ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ አስገቡት፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ ያዙ። ከ0.3 በላይ ካሳየ ውሃው ይቀየር። መብራት ሲበራ ቁጥሩ ከዘለለ ደግሞ ኮረንቲው በውሃው በኩል እየተመለሰ ራዲያተሩን ይበላዋል፤ እዚህም ጥፋቱ ማሳ ነው።

ድክመቷን በተመለከተ ዋናው የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ነው፦ በአብዛኞቹ ላይ ፊውዝ የለውም። ቀዩ ገመድ እዚያ እንደተሰካ ባትሪ ከነካችሁ ገመዱ ይቀልጣል፣ እጅም ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ የውስጧ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ 14.2 የነበረው 15 ይመስልና ደህና ሬጉላተር ይቀየራል። የኤሲው (የተለዋዋጭ ኮረንቲ) መስመርም ከ200 ቮልት ስለሚጀምር ትንሹን ቮልት በደንብ አያሳይም፣ የዲናሞ ዳዮድም አይፈተንበትም፤ ለዚያ የተሻለ ቴስተር ያለው ኤሌትሪሺያን ጋ ሂዱ።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ መቋቋም የሚለካውን የኦም መስመር 200 ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። ከ1 በታች ማንበብ አለባት። ከዚያ ገመዱን እጀታው ሥር ወዘወዝ አድርጉት፣ ቁጥሩ ከዘለለ ሌላ ይሰጣችሁ።