ሊኑክስ ሚንትና ተርሚናሉ፣ ለአባቶችና ለእናቶች ይሆናል ወይ?

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 2025 ላይ ስላበቃ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ምን ይሻለኛል እያለ ነው፣ እኔ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዓይነት። ነፃ ነው፣ በ2 ጊጋ ራም ይነሳል፣ 4 ካለ ደግሞ በጣም አሪፍ። አጫጫኑ ላይ አልቆይም፣ ሜክሲኮም ስታዲየም አካባቢም ኮምፒውተር የሚሰሩ ልጆች አሉ። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ ተርሚናሉ ነው፣ በማውስ ሳይሆን ትእዛዝ በመጻፍ ኮምፒውተሩን ስለምናዝበት መስኮት፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ "ለትልቅ ሰው ጥቁር ስክሪን? ተው እንጂ" ይለኛል፣ እኔ ግን ለነሱ ከማውስ ይልቅ እሱ ይቀላል ባይ ነኝ።

አባቴ ጡረታ ሳይወጣ ለገሃር አካባቢ መስሪያ ቤት ዶስ ላይ፣ ከዊንዶውስ በፊት ትእዛዝ እየተጻፈ ይሰራበት በነበረው ሲስተም፣ የሰራ ሰው ነው። አሁን እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ደብል ክሊክ አደርጋለሁ ሲል ፋይሉ ተጎትቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይገባና ፍለጋ ነው። ተርሚናል ላይ ግን ፎልደር መቀየሪያው ሲዲ እንደ ዶስ ያው ሲዲ ነው፣ ፋይሎቹን ለማየት ዲር ብሎ ሲጽፍ እንኳን ይሰራለታል፣ "ይሄንንማ አውቀዋለሁ!" አለኝ። ደብተሩ ላይ በግራ ትእዛዙን በቀኝ ምን እንደሚሰራ በአማርኛ ይጽፋል፣ ያ ደብተር ደግሞ አያረጅም፣ በተንና ሜኑ አፕዴት በመጣ ቁጥር ቦታ ይቀያይራል፣ ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ፣ ኮፒ የሚያደርገው ሲፒ፣ ቦታ የሚያዛውረው ኤምቪ ግን በፈረንጅ 1971 ከወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ (ሊኑክስ በሱ አምሳል የተሰራው የድሮ ሲስተም) ማኑዋል ጀምሮ ያው ናቸው። ስፔሊንግ ለሚያስቸግራቸው ታብ ቁልፍ አለ፣ ሁለት ሶስት ፊደል ጽፈው ታብ ሲሉ የፋይሉን ስም ራሱ ይጨርሰዋል፣ ወደ ላይ ቀስቷ ደግሞ ቅድም የጻፉትን ትመልስላቸዋለች። አባቴ በጣም የወደደው ደብሊውጌት ሰረዝ ሲ የሚባለውን ከኢንተርኔት ፋይል ማውረጃ ትእዛዝ ነው፣ ስብከት እያወረደ መብራት ቢጠፋ ወይ ኔትወርክ ቢቆረጥ ሰርቨሩ ከፈቀደለት ካቆመበት ይቀጥላል፣ ይሄ ለኛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው።

ችግሮቹን ልንገራችሁ። ሱዶ፣ ማለትም እንደ ኮምፒውተሩ ኃላፊ የሚያሰራው ትእዛዝ፣ ፓስዎርድ ሲጠይቅ የሚጻፈው ፊደል ስክሪኑ ላይ አይታይም፣ ሚንት ላይ ኮከብ ብቻ ነው የሚወጣው፣ አባዬ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ሲደበድበው ነበር፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ኮንትሮል ሲ እዚህ ኮፒ አያደርግም፣ የሚሰራውን ስራ ያቆማል፣ ኮፒ ለማድረግ ሺፍት መጨመር አለበት። ከሁሉም የሚያስፈራው ፋይል የሚያጠፋው አርኤም ነው፣ ትራሽ የሚባል ነገር ስለማያውቅ የጠፋ ጠፋ ነው። እኔ ባሽአርሲ በሚባለው የተርሚናሉ ማስተካከያ ፋይል ላይ አርኤም ሲባል ሁሌ አርኤም ሰረዝ አይ እንዲሆን አሊያስ (አንዱን ትእዛዝ በሌላ የሚተካ መስመር) አስገባሁ፣ አሁን ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቀዋል፣ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይሄን ሳታደርጉ እንዳትሰጡ።

አማርኛው ላይ ቅር ብሎኛል። የፋይል ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል፣ ግን ተርሚናሉ ለአንዱ ፊደል የሚሰጠው ቦታ የአንድ የላቲን ፊደል ያህል ስለሆነ እንደ ጨ እና ጠ ያሉት ሰፋፊዎቹ ይደራረባሉ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው ከባድ ነው። ኮንትሮልና ሺፍት ይዞ መደመርን መጫን ጽሁፉን ያተልቀዋል፣ መደራረቡን ግን አያጠፋውም። ማኑዋሉም እንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ እንግሊዝኛ ለማይሆንላቸው አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

የምትቀመጡት እናንተ ከሆናችሁ እባካችሁ ኪቦርዱን አትንጠቋቸው፣ ቀስ ብለው ራሳቸው ይጻፉት፣ እናንተ ስትጽፉት አይይዙትም። መስሪያ ቤት ታይፕ ይመቱ ለነበሩ፣ ሂሳብ ላይ ለሰሩ፣ ዶስ ለነኩ ሰዎች ሳላመነታ እመክራለሁ። ኪቦርድ ነክተው ለማያውቁት ግን መጀመሪያ ቴክስት ኤዲተር ላይ ደብዳቤ መጻፍ ይልመዱ፣ ተርሚናሉ ይደርሳል።